ውሃ የማያሳልፈው አውድማ

እንዳልካቸው አፈር የተማረው ለእናቱ ሲል ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ሲኬድ መንገድ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማ ቆሻሻዋን የምትደፋው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ እናቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ የሚቀዱት ምንጭ አለ። ከብዙ ዓመት ወዲህ ውሃው የዛገ ቆርቆሮ የታጠበበት ይመስላል። እሳቸውም አጥልለው ይጠጡታል፤ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው በሽሮው ያመካኛሉ።

ስለዚህ ከተማዋ አዲስ የቆሻሻ ጉድጓድ ልታስቆፍር ስትነሳ እንዳልካቸው ሥራውን ለምኖ ያዘ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፤ የጉድጓዱ ወለል የቆሻሻውን እዥ ወደ ታች እንዳያሳልፍ ማድረግ። አፈሩ ግን እንቢ አለ። ቀዩ አፈር እንደ ወንፊት ያፈሳል። ጥቁሩ ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ ሲደርቅ ግን ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ሁለቱን ደባልቆ ኖራ ጨመረበት፤ ደብረ ታቦር እየተመላለሰ አርባ ጊዜ አስፈተሸ፤ በአርባ አንደኛው ልኩን አገኘ። የቀረው በሮሎ መዳመጥ ብቻ ነበር። ሮሎው ደግሞ በመጣ በማግስቱ ተበላሸና መለዋወጫ ሲጠበቅለት ኅዳር አለቀ።

«ምን ያስጨንቅሃል?» አሉት ማሳቸው ከጉድጓዱ የሚዋሰነው ሽማግሌ፣ አያ ይሻው። «በሬ አይረግጠውም?»

«በሬ?»

«አውድማ በምን የሚጠብቅ ይመስልሃል? በሮሎ ነው?»

እንዳልካቸው ሳቀ፤ ከዚያ አሰላ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። ትልቅ ክብደት በትንሽ ሰኮና ሲያርፍ አፈር ይጠብቃል፤ የተማረውም ከዚህ የተለየ አይልም። «በሉ እንግዲህ ያስረግጡልኝ» አላቸው። ምነው ያን ጊዜ አፉን በያዘው!

በሳምንቱ ሲመለስ አያ ይሻው ጉድጓዱ ውስጥ ስምንት በሬ ያዞራሉ። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል። በላዩ ጤፍ ተነጥፏል። ጉድጓዱ አፍ ላይ የሰባት ጎረቤት ክምር ተራ ይጠብቃል።

«አያ ይሻው! ጤፉ ምንድን ነው?»

«ያለ እህል በሬ ምን ብሎ ይዞራል? እብድ ነው?»

እንዳልካቸው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ውቂያው እስከ ጥር አጋማሽ ቆየ። ምርቱ ተነስቶ ሲያልቅ ወለሉ ላይ ውሃ ሞሉበትና ሰባት ቀን ጠበቁ። ጠብ አላለም። የመጣው ተቆጣጣሪ ሜትሩን ጠርጥሮ ሦስት ጊዜ ለካ፤ በመጨረሻ ፈረመ። እንዳልካቸው እዚያው ስልኩን አውጥቶ ደወለና «እማዬ፣ ምንጩ ሊጠራ ነው!» ብሎ ጮኸ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

በምረቃው ቀን የመጀመሪያው ቆሻሻ ጫኝ መኪና መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሞገስ ሞተሩን አጠፋ።

«ድፋዋ!» አለው እንዳልካቸው።

«እህል የተወቃበት ላይ? እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ ወንድሜ። መኪናውን ውሰደውና ራስህ ድፋ።»

እንዳልካቸው ድጋፍ ፍለጋ ወደ ኃላፊዎቹ ዞረ። እነሱ ወለሉን ሊጎበኙ ወርደዋል። ጫማቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ በሰልፍ ተደርድሯል። በአውድማ ላይ በጫማ አይቆምማ!

ያን ጊዜ ደሙ ፈላ። «አፈር እኮ ነው! ኖራ የገባበት አፈር!» እያለ አንድ ከረጢት ቆሻሻ ተሸክሞ ወረደ። መሃል ሲደርስ እግሩን ቀዘቀዘው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ባዶ እግሩን ነው። ጫማውን መቼ እንዳወለቀ አያውቅም። ወለሉ ልሙጥ ነው፣ ስንጥቅ የለውም፤ በሕይወቱ እንደዚህ ያማረ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። አውራ ጣቱ ላይ አንዲት የጤፍ ፍሬ ተጣብቃለች። አፈረ፤ በማን እንዳፈረ ግን አልገባውም። ከረጢቱን እንደተሸከመ ተመልሶ ወጣ።

በዓመቱ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሮሎው እንደቆመ ነው። እንዳልካቸው አያ ይሻውን እግራቸው ላይ ወድቆ ያለ እህል እንዲያስረግጡለት ለመናቸው። እሺ አሉት። በሬዎቹ ሁለት ዙር ዞሩ፤ የሚበላ ቢያጡ ተኙ። በሦስተኛው ቀን ገብስ ተነጠፈ። አሁን ከተማዋ ከእብናት ድረስ ሰው መጥቶ የሚያያቸው ሁለት አውድማዎች አሏት፤ ሦስተኛው እየተቆፈረ ነው። ቆሻሻው ገደል አፋፍ ላይ ይደፋል።

ባለፈው እሑድ እናቱን ሊጠይቅ ወረደ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ምሳ አቀረቡለትና አጠገቡ ተቀመጡ።

«የዘንድሮ ጤፍ አንድ ጠጠር የለው ልጄ። እጅህ ይባረክ።»

«ውሃውስ እማዬ?»

«ውሃውማ ያው ነው» አሉና ከማሰሮው ቀድተው ሰጡት።

ተቀብሎ ጠጣው።