የኦሌታ መጥበሻ

ኦሌታ በተቀበረች ማግስት፣ ከቀትር በኋላ፣ መጥበሻዋ በሳሙና ታጠበ።

ወሬው ከማጀት ሳሎን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በቀብሩ ያላለቀሱ ሁለት ጎረቤቶች አሁን አለቀሱ። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ የብረት መጥበሻ በጨርቅ ይወለወላል፣ ስብ ይቀባል እንጂ ሳሙና አይነካውም፤ ምግብ እንዳይጣበቅ የሚያደርገውን የስብ ልባስ ይገፍፍበታል። የኦሌታ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው፣ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ነበር። አሁን አመድ መስሏል።

"ላግዝ ብዬ እኮ ነው" አለች የሟች እህት አርዲት፣ አረፋው ከእጇ ሳይደርቅ። "ሆባርት፣ እባክህ አንድ ነገር በለኝ።"

"ብረት ነው፣ አርዲት" አለ የኦሌታ ባል። "ብረት ብረት ነው።"

ከመቀመጫው አልተነሳም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እህል አልቀመሰም። ጎረቤቶቹ ያመጡት የበቆሎ ዳቦ ፊቱ ተደርድሯል፤ እያንዳንዷ "ልክ እንደ ኦሌታ አድርጌ ነው የጋገርኩት" ትላለች፤ የሁሉም ስኳር ከሩቅ ይሸታል። ሆባርትም "ቁርጥ የእሷ" እያለ ሳይቀምስ ያመሰግናል።

ኦሌታ ስኳር አታስገባም ነበር። ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ የማታ ኮሌጅ ገብታ የንግግር ጥበብ ስትማር፣ መምህሩ "የማይስማማችሁን አንድ ሰው አሳምኑ" የሚል የቤት ሥራ ሰጠ። ተቃዋሚ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። ባሏ በእናቱ ቤት ስኳር የገባበትን በልቶ ያደገ፣ በእሷ ዳቦ ላይ ስኳር የሚነሰንስ ሰው ነው።

"መጀመሪያ ስቡ መጥበሻው ላይ ይጋላል" ትለዋለች፣ ማንኪያዋን እንደ ጣት ቀስራ። "ከዚያ የበቆሎ ዱቄት፣ እንቁላል፣ አሬራ፣ ጨው። ሊጡ ሲፈስ ካልጮኸ ተወው። በቆሎ ራሱ ጣፋጭ ነው። ስኳር የሚጨምርበት በቆሎን የማያምን ሰው ነው።"

"አላሳመንሽኝም።"

"ምኑ ላይ?"

"የክርክርሽ መሃል ሳሳብኝ። ነገ ድገሚው።"

መምህሩ ማርኳን ሰጥቶ ከረሳት በኋላም ያ "ነገ" አላለቀም። ሆባርት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተረትቶ ነበር፤ ግን አመነ ማለት ክርክሩ ቀረ ማለት ነው። ጀርባዋን ስታዞር ዳቦውን ያለ ስኳር ይጎርሳል፤ ፊቷን ስትመልስ ስኳሩን ይነሰንሳል። ይህን ሳይነግራት ሞተች።

ልጃቸው ትዋይላ አመድ የመሰለውን መጥበሻ እሳት ላይ ጣደችው። ስብ አጋለች፣ ሊጡን አፈሰሰች። ጮኸ። ሳሎን የነበረው ሹክሹክታ ቀጥ አለ።

ዳቦው በስሎ ሲገለበጥ ግን ግማሹ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

"አባዬ፣ ተበላሸብኝ።"

"ከነመጥበሻው አምጪው።"

የተጣበቀውን በማንኪያ እየፋቀ፣ እንደ አገሩ ልማድ አሬራ የሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ፈረፈረው። አርዲት ቶሎ ብላ የስኳሩን ዕቃ አስጠጋችለት።

"እንካ። አንተ ያለ ስኳር መች ይወርድልሃል?"

ሆባርት ክዳኑን ገጠመ። ዕቃውን አንስቶ ጠረጴዛው ማዶ፣ በኦሌታ ባዶ ወንበር ፊት አስቀመጠው። ከዚያ መብላት ጀመረ።

"ልክ እንደ ኦሌታ" የሚል ሰው ጠፋ። አንዷ ጎረቤት ያመጣችውን ዳቦ ቀስ ብላ በፎጣ ሸፈነችው።