ስምንተኛው መንኮራኩር

ከማድሪድ የሚመጣው ፈጣን ባቡር ሳሞራ አጠገብ ያለው ሼድ ሲደርስ እንደ ኤሊ ያዘግማል። እዚያ አዲሱ ጠባብ ሐዲድ አልቆ አሮጌው ሰፊ ሐዲድ ይጀምራል። ባቡሩ ሳይቆም መንኮራኩሮቹ ይፈቱና ወደ ጎን ተንሸራተው እንደገና ይቆለፋሉ። ቁልፉ ሲገባ ቀጭ ይላል። የመቆጣጠሪያ መሣሪያው አንዳንዴ ስለሚያመልጠው ያንን ድምፅ በጆሯቸው የሚያረጋግጡት የሼዱ ሠራተኞች ካሲልዳ በቀኝ፣ ሽማግሌው ፍሮይላን በግራ ቆመው ነው።

ሰኞ ካሲልዳ ጓንቷን ልታመጣ ወደ ግራ ተሻግራ ሳለ ስምንተኛው መንኮራኩር ቀጭ ሳይል ዱብ ብሎ አለፈ። ፍሮይላን ግን መዝገቡ ላይ «ሁሉም ደህና» ብሎ ፈረመ። ጆሮዋን ስላላመነች ማክሰኞ ሆን ብላ ተሻገረች፤ መንኮራኩሩም ፊርማውም እንደዚያው ሆነ። ያን ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ የጠገነው የፍሮይላን ሴት ልጅ ባል ኢላሪዮ መሆኑን ስታስታውስ ሽማግሌውን ጠረጠረችው።

«ትናንት ስምንተኛውን ሰማኸው?» አለችው ረቡዕ ጠዋት።

«ሰማሁት።»

«ምን አለ?»

«ቀጭ ነዋ፣ ምን ይላል? ፈተና ልታስቀምጪኝ ነው እንዴ ልጄ?»

ዓይኑን አሸሸባት። ውሸቱን ነው አለች በልቧ። ቀትር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ቋሊማና ዳቦ ሲቆርጥ በግራው በኩል ከኋላው ቆመች።

«ለኢላሪዮ ነው የምትሸፍነው?»

ዳቦውን መቁረጡን ቀጠለ። ደገመችለት። ቢላዋው እንኳ አልቆመም። በቀኙ ዞራ ስትመጣ ደንግጦ ብድግ አለ።

«አንቺ፣ ከየት መጣሽ?»

ካሲልዳ እንዳልሰማት ገባትና ቁጣዋ በረደ። «ጆሮህ አልሰማ ያለህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ከገና ወዲህ። ግራው ጭራሽ የለም፤ ቀኙም እየከዳኝ ነው። ጡረታዬ አሥር ወር ነው የቀረው ካሲልዳ።»

«ባቡሩ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው አለ።»

«አውቃለሁ። እንቅልፍ ያጣሁት ለምን መሰለሽ?»

ወዲያው የባቡሩ ጡሩንባ ተሰማ። «በይ አንቺ ስሚልኝ» አላትና በሐዲዱ ግራ በኩል ጎን ለጎን ቆሙ። ስምንተኛው ዱብ አለ። ራሷን ስትነቀንቅ ቀዩን ባንዲራ ያነሳው ፍሮይላን ራሱ ነበር።

ባቡሩ ሲቆም ተሳፋሪው አጉረመረመ። መካኒኮቹ ግን ቁልፉ ተበልቶ ግማሹ ብቻ እንደገባ አገኙ። ፍሮይላን ማንም ሳይጠይቀው ለአለቃው ሁሉንም ተናዘዘ፤ ተግሣጽ ተጽፎበት ወደ ዕቃ ክፍል ተዛወረ። ኢላሪዮ ቁልፉ እንዲቀየር ከወር በፊት በጽሑፍ ጠይቆ፣ ዕቃው ሳይመጣ ባቡሩን ከእጁ ወስደውበት ነበር።

ካሲልዳ የጥያቄውን ወረቀት ስታይ ያለ ጥፋቱ ስለጠረጠረችው ፊቷ ቀላ። በዚያው እሑድ ፍሮይላን ምሳ ጋበዛት። ኢላሪዮ ወይን ሲቀዳላት ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።