ከሰንጠረዡ የተሰረዘው ሃምሳ

ማርሊስ ኮቫንዳ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። እኔ ሎሬታ እዚያው ትምህርት ቤት ፀሐፊ ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ የቀሩትን ልጆች እመዘግባለሁ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ሶፋዬ ላይ አጋድሜ እናቱን እጠራለሁ። ያን ሰኞ የሆነውን በዓይኔ ያየሁት ነው። ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ የሆነውን ደግሞ ማርሊስ ራሷ ነገረችኝ። ስትነግረኝ አንዲቷን ቃል እንኳ ለራሷ አድልታ አልለሰለሰችም።

ማርሊስ አንድ እምነት አላት። «መጽሐፍ ላይ ያለ ቁጥር ለልጅ ምኑም አይደለም፤ የገዛ ቤቱን ቁጥር ስጪውና እዪ» ትለኛለች። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው፤ ሲከፈቱ እንደ ትራክተር ያጓራሉ። ኤክሴል ግን አላቸው፤ ለእሷ እሱ በቂዋ ነው። ልጆቹ የጠዋቱን ብርድ ይመዘግቡበታል፣ የዶሮዎቻቸውን እንቁላል ይቆጥሩበታል፣ ከዚያ ያ ሁሉ ቁጥር በአንድ ጠቅታ ግራፍ ሆኖ ሲነሳ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ አሥራ አንዱንም ተማሪዎች ከየቤታቸው ውሃ በጠርሙስ እንዲያመጡ አዘዘች። በእኛ የነብራስካ ጥግ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ሁሉ የሚጠጣው ከራሱ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ደግሞ ያለው በበቆሎ መሐል ነው። ለበቆሎው የሚረጨው ማዳበሪያ ወደ ታች እንደሚሰርግ ሁሉም ያውቃል። አያቶቻችን ጠጥተውት ስለኖሩ ማንም አያነሳውም። ልጆቹ ቀጭን የመለኪያ ወረቀት ውሃው ውስጥ ይነክራሉ፣ የተለወጠውን ቀለም ከካርዱ ጋር ያስተያያሉ፣ ከማዳበሪያው ወደ ውሃው የሚገባውን የናይትሬት መጠን በየስማቸው ትይዩ ሰንጠረዡ ላይ ይጽፋሉ። አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ አራት ጻፈ። ኬንድራ ፒቶካ ሃምሳ ጻፈች።

«ኬንድራ፣ አምስት ልትዪ ነው?» አለቻት ማርሊስ።

«ሃምሳ ነው፣ ሚስ።»

«ዜሮዋ ከየት መጣች?»

ከኋላ ብሬት የሚባለው ቀልደኛ «አሳማ ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብቶ ይሆናላ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«እኛ አሳማ የለንም» አለች ኬንድራ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። ይሄን ሲሰሙ ይባስ ሳቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ኬንድራ የጥንቃቄ ልጅ ናት የሚላት አልነበረም። የቤት ሥራዋን አውቶቡስ ላይ ትረሳለች፣ ከስሟ እንኳ አንዳንዴ ፊደል ትገድፋለች። የመለኪያው ወረቀት ደግሞ አልቋል፤ ዳግም ለመለካት የተረፈ አልነበረም። ስለዚህ ማርሊስ አጋጣሚውን ወደ ትምህርት ለወጠችው። «አንዳንዴ አንድ ቁጥር ከጓደኞቹ ያፈነግጣል» አለች። «ወይ መለኪያው ተበላሽቷል፣ ወይ አንባቢው ተሳስቷል። እስቲ እሱን አውጥተን ግራፉን እንየው።» ሃምሳን ሰረዘችው። አማካዩ ከስምንት ወደ አራት ወረደ፣ ግራፉም ተስተካክሎ አማረ። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«በደንብ ነው ያነበብኩት» አለች ኬንድራ ዝቅ ባለ ድምፅ። ደወል ተደወለ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን አለፈ። በመሐሉ ጎርፍ መጣ፣ ሁለት ቀን ትምህርት ተዘጋ፣ ወደ አውራጃው ከተማ የሚወስደውን ድልድይ ውሃው ሸርሽሮት መንገድ ሠራተኞች አጠሩት።

በአሥረኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ማርሊስ ለወላጆች ቀን የሚለጠፈውን ሰንጠረዥ ለማተም ኮምፒውተሯን ከፈተች። የመጨረሻው ዓምድ «አስተያየት» ይላል፤ ልጆቹ ውሃውን ማን ማን እንደሚጠጣው የሚጽፉበት ነው። ዓምዱ ጠባብ ስለነበረ የተጻፈው ሁሉ መጀመሪያው ብቻ ይታይ ነበር። ወረቀቱ ላይ በወጉ እንዲወጣ ጠርዙን ይዛ ሳበችው። ሲሰፋ የኬንድራ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ተገለጠ፤

«ሁላችንም እንጠጣለን። እህቴ ጆዚም በጡጦ። ጆዚ ሰባት ሳምንቷ ነው። እማዬ ጀርም እንዳይኖረው ሁለት ጊዜ ታፈላዋለች። የጆዚ ከንፈር ግራጫ ሆኗል፤ ከውሃው ነው?»

ልጅቷ ጠይቃ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ማንም አላነበበውም።

ማርሊስ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ጉልበቷን ታማለች። ያን ዕለት ሰንጠረዡን አትማ ይዛ የቢሮዬን በር በትከሻዋ በርግዳ ገባች።

«ሎሬታ፣ የኬንድራን እናት፣ የዴና ፒቶካን ስልክ! ቶሎ በይ!»

ደወልን። አይነሳም። ደገምን፤ አይነሳም። ኬንድራን ከስፖርት ክፍል አስጠራኋት።

«እማዬ ጥጆቹ ጋ ስትሄድ ስልኳን ቤት ነው የምትተወው» አለች እያለከለከች። «አባዬ ካንሳስ ነው፣ ጭነት ይዞ። ምን ሆነ?»

«ጆዚ እንዴት አደረች?» አለቻት ማርሊስ።

«ትተኛለች። አሁን አሁን አታለቅስም እኮ፤ እማዬ ጎበዝ ልጅ ሆነች አለች።»

ማርሊስ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ጨበጠች። እኔ የድንገተኛውን ቁጥር ደውዬ ነገሩን በአጭሩ አስረዳሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «አምቡላንሱ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድዩ ዝግ ስለሆነ ዞሮ ሲመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል» አለችኝ።

ማርሊስ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ድልድዩ የተዘጋው ለመኪና ነው ለእግረኛ?»

«ለሁሉም ነው፣ እመቤት።»

«እንግዲያው ከማዶ ቁሙልን። እኛ እንመጣለን።»

ርዕሰ መምህሩ ሮጀር በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶናል። «ማርሊስ፣ ቆይ እንጂ፤ ወላጅ ሳይፈቅድ ተማሪ ጭነሽ አትወጪም! ነገሩን እንኳ በቅጡ አላጣራሽም።»

«አሥር ቀን ሳላጣራ ተቀምጫለሁ፣ ሮጀር። ዞር በልልኝ።»

ዞር አለላት።

መኪናውን እኔ ነዳሁ። አሥራ ሁለት ማይል ጠጠር መንገድ፣ ግማሹ ጭቃ። ኬንድራ ከኋላ ሆና ደጋግማ ትደውላለች። ማርሊስ የታተመውን ወረቀት ጭኗ ላይ አጥፋ ይዛለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትጸልይ ይሁን ራሷን ስትሰድብ አላወቅሁም።

ስንደርስ ዴና ወጥ ቤት በር ላይ በቦት ጫማዋ ቆማለች። በእጇ አዲስ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ያለበት ጡጦ ይዛ ታወዛውዛለች።

«ሚስ ኮቫንዳ? ኬንድራ ምን አጠፋች?»

«ጆዚ የት ናት?»

«ተኝታለች። ምነው፣ አስደነገጡኝ እኮ!»

«ጡጦውን አስቀምጪው፣ ዴና። ውሃው ነው። የጉድጓዳችሁ ውሃ ደሟን እየመረዘው ነው፤ አየር መሸከም አቅቶታል።»

ዴና እኔን አየችኝ፣ ኬንድራን አየች። «ሐሙስ ዕለት ሐኪም ጋ ወስጃት ልቧ ላይ ድምፅ አለ ብሎኛል። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለን። ውሃውን ደግሞ አፈላዋለሁ። ሁለቴ ነው የማፈላው!»

«ማፍላት አይረዳም። ውሃው ይተናል፤ መርዙ ግን እዚያው ይቀርና ይጠነክራል።»

ጡጦው ከእጇ ወደቀ። ያን የዴናን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሴትዮዋ በየቀኑ ምድጃ ፊት ቆማ፣ ለልጇ ብላ፣ በትጋት መርዙን ስታጠነክረው ኖራለች።

ጆዚ አልጋዋ ላይ ነበረች። ግራጫ ማለት አይገልጸውም፤ የወለል መወልወያ ውሃ መስላ ነበር። ከንፈሯና ጥፍሮቿ ጠቁረዋል። ዴና ስታነሳት ክንዷ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። በብርድ ልብስ ጠቅልለናት ወደ ድልድዩ በረርን። መንገዱን ሙሉ ዴና «ጆዚ፣ ጆዚዬ፣ እማማ እዚህ ናት፣ አልቅሺ፣ እስቲ አንዴ አልቅሺልኝ» ትላለች። ልጅቷ አላለቀሰችም።

ድልድዩ በብርቱካንማ አጥር ተዘግቷል። ከወዲህ በኩል አፈሩ ተንዶ የክንድ ስፋት ያለው ክፍተት ሆኗል፤ ከሥሩ ወንዙ ጭቃና ግንድ እየገፋ ያጓራል። ከማዶ የአምቡላንሱ መብራት ይታያል፤ ሁለት ሰዎች ወደ እኛ እየሮጡ ነው። ዴና አጥሩን በእግሯ ገፍታ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ክፍተቱን ተሻገረች። ወደ ኋላ አላየችም። ኬንድራ ልትከተላት ስትል ማርሊስ ያዘቻት፤ ልጅቷ ታገለቻት፣ ደረቷን በቡጢ መታቻት፣ በመጨረሻ አለቀሰች።

«ነግሬዎት ነበር! በደንብ አንብቤያለሁ ብዬ ነግሬዎት ነበር!»

«ነግረሽኛል» አለች ማርሊስ። «ትክክል ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ድልድዩ መሐል ላይ ሰዎቹ ዴናን ሲቀበሏት አየን። ከዚያ የአምቡላንሱ በር ተዘጋ።

ማርሊስ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆማ የኦማሃውን የሕፃናት ሆስፒታል በስልክ አገኘች። ለተረኛው ሐኪም የሰረዘችውን ቁጥር ነገረችው፤ ከወረቀቱ ላይ የልጅቷን ዕድሜና የማፍላቱን ነገር አነበበችለት። «ሃምሳ? እርግጠኛ ነዎት?» አላት። «ያነበበችው ጎበዝ ተማሪ ናት» አለችው። ጆዚ ከአምቡላንሱ ወደ ሄሊኮፕተር ተዛውራ እዚያ ስትደርስ የቀዱት ደም እንደ ቸኮሌት ቡናማ ነበር አሉ። ምን እንደሆነ አስቀድመው ስላወቁ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ወዲያው ሰጧት። ማታ ላይ ከንፈሯ ቀላ።

ተረፈች። ግን አእምሮዋ ምን ያህል ጊዜ አየር እንዳጣ ማንም አያውቅም። «ስታድግ እናያለን» ነው ያሉት።

በማግስቱ ሮጀር ማርሊስን ቢሮው ጠርቶ «ስለ ተሰረዘው ቁጥር ለማንም ባትተነፍሺ ይሻላል፤ ሰው ይከሰናል» አላት። እሷ ክፍል ገብታ ለልጆቹ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቀልደኛው ብሬት እንኳ ራሱን ደፍቶ ቀረ። ከዚያ በሳምንቱ ዴና ጋ ሄዳ ያንኑ ነገረቻት። እኔም አብሬያት ነበርኩ፤ ብቻዋን እንድትሄድ አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ዴና በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማቻት። ሁልጊዜ «እርስዎ» ትላት የነበረችው ሴት እንዲህ አለቻት፤ «አሥር ቀን? አንቺ ቁጥሩን ማሽንሽ ውስጥ ዘግተሽበት ስትቀመጪ፣ እኔ አሥር ቀን አፈላሁላት?»

በሩ ተዘጋ።

ሰኔ ላይ ፒቶካዎች ቤቱን ትተው ወደ ዴና እህት አገር ሄዱ። ኬንድራ አሁን የምትማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ጆዚ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። የዴና እህትና እኔ በቤተ ክርስቲያን ስለምንተዋወቅ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ማርሊስ ዴናን መጠየቅ ስለማትደፍር ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይገቡ፣ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ትቆማለች።

«ምን አሉ?» አለችኝ ያለፈው ሰኞ።

«ትስቃለች አሉ። ሰው ትለያለች።»

«መቆምስ?»

«ገና ናት።»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ሄደች።