ማሳ ያጣው ማጉያ

የጋሽ ገብረጻድቅ ቤት ጉድጓድ ውስጥ ያለ ያህል ነው። ከአቃቂ በሰቃ ወደ ወንዙ ሲወረድ ከታች ተቀምጦ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ የአንድ መጋዘን ረጅም የቆርቆሮ ግድግዳ ተገትሮበታል። ሰማይ ይታያል፣ ፀሐይም ትገባለች፤ ኤፍኤም ግን አይገባም። ያኔ ኤፍኤም ገና አዲስ ነበር። ሳሪስ ታክሲ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ እሳቸው ቤት ሲደርስ ሽሽሽ የሚል የሽንኩርት ቁሌት ይሆናል።

እኔ ከግቢያቸው በስተኋላ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥቡ ሳይመጣልኝ ሲቀር አብርሽ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ ጥቂት ሠራሁ። ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቀላለድ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ቀልዱ የሚመጣልኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ወጥቼ ብቻዬን ሆንኩ። አይከፋኝም። በዚህች ደቂቃ በግድግዳው፣ በጣሪያው፣ በገዛ ደረቴም ሳይቀር ስንት ሰው እያወራና እየዘፈነ እንደሚያልፍ እያሰብኩ ምሳዬን የምረሳበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ሰኞ ጋሽ ገብረጻድቅ አስጠሩኝ። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ናቸው፤ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋና ከወንበር አይርቁም።

«ና ብሩህ፣ ተቀመጥ። አስቴር ሬዲዮ ልትገባ ነው።»

አስቴር የመጨረሻ ልጃቸው ናት። ስለ አቃቂ ባቡር ጣቢያ የጻፈችው ነገር ተመርጦላት፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በወጣቶች ፕሮግራም ላይ በቀጥታ ልታነበው ነበር። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ትጠመዝዛለች።

«ሳሪስ አክስቴ ቤት እንውሰድዎ ብንላቸው አባባ እምቢ አሉ» አለችኝ።

«ሬዲዮ ለመስማት በቃሬዛ አልወጣም!» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

«ካሴት ላይ ቢቀዳልዎስ?» አልኩ።

«ያደረ ድምፅ ምን ያደርግልኛል? እሷ እዚያ ስትናገር እኔ እዚህ፣ በዚያችው ደቂቃ! ዕድሜዬን ሙሉ ባቡር በሰዓቱ ስቀበል ኖሬ፣ ልጄን ካለፈች በኋላ ልቀበላት?»

አስቴር ወደ እኔ ተመለከተች። እሷ ስታየኝ አፌ ከእኔ ሳይማከር ይናገራል።

«ማጉያ እሠራለሁ» አልኩ። «አንቴናው ላይ የሚገጠም፣ ደካማውን ድምፅ የሚያጠነክር።»

«እስከ ቅዳሜ?» አለች።

«እስከ ቅዳሜ።»

ማጉያ ሲያስቡት ቀላል ነው። ከአንቴናው የመጣው ደካማ ማዕበል በትራንዚስተሩ አንድ እግር ይገባል፤ ትራንዚስተሩ የባትሪውን ጉልበት እየመጠነ የዚያኑ ማዕበል መልክ አግዝፎ በሌላው እግር ያወጣል። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ኤፍኤም በሴኮንድ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ ለቴፕ የሚሆን ትራንዚስተር እዚያ ሩጫ ውስጥ ገብቶ ትንፋሹ ይቆረጣል። ስለዚህ ከሞተ ቴሌቪዥን የጣቢያ መምረጫ ሳጥን ውስጥ ምስር የምታህል ፈጣን ትራንዚስተር ነቀልኩ። መርካቶ ከአሮጌ መጻሕፍት ክምር ያገኘሁት፣ ሽፋኑ የተቀደደ የእንግሊዝኛ መጽሐፍም ነበረኝ። ሥዕሉን እከተላለሁ፤ ጽሑፉን የቻልኩትን ያህል እረዳለሁ። አንድ ምዕራፍ ግን ‹ግራውንድ ፕሌን፣ ግራውንድ ፕሌን› እያለ ያደክማል። ግራውንድ መሬት ነው፤ ፕሌን አውሮፕላን። ስለ ኤርፖርት ሬዲዮ የሚያወራ መሰለኝና ዘለልኩት። አቃቂ ላይ አውሮፕላን አያርፍም።

ዕቃዎቹን ጣውላ ላይ ደርድሬ በየድኩ። የሁሉንም የኤሌክትሪክ መመለሻ ደግሞ አብርሽ ጋ እንደለመድኩት በአንዲት ጥቁር ሽቦ ሰብስቤ ከባትሪው ኔጌቲቭ አገናኘሁ። የመኪና ሠራተኞች ይህን መመለሻ ‹ማሳ› ይሉታል፤ ከጣልያንኛ የቀረ ቃል ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አንቴናውን በረጅም አጣና ጣሪያው ላይ አቆምኩና ማጉያውን ከጋሽ ገብረጻድቅ ሬዲዮ ጋር ቀጠልኩ። ወንዙን ተሻግረው የሚያርሱት ወዳጃቸው ኦቦ ጉተማም ሊጠይቋቸው መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮው እንደ ልማዱ ሽሽሽ ይላል። ባትሪውን ነካሁት።

ድርግም። ሽሽታው ከነአካቴው ጠፋ።

«ጠፋ!» ብዬ ዘለልኩ። «ጋሼ፣ ጫጫታው ጠፋ!»

ጋሽ ገብረጻድቅ ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠጉ። ቆዩ። «አዎ ጠፋ» አሉ። «ሰዎቹም አብረው ጠፉ።»

መምረጫውን ወዲያ ወዲህ አዞርኩት። ሁሉም ቦታ ያው ዝምታ። ይህን ስናይ በሩ ተበረገደና ባለሱቁ ሙህዲን ገባ። ሱቁ ከእኛ ከፍ ብሎ መንገድ ዳር ስለሆነ እዚያ ኤፍኤም በደንብ ይሰማል።

«ማነው ሬዲዮኔን አፉን ያስያዘው? ወላሂ ዘፈኑ መሃል ላይ ቀጥ አለ! ባትሪ ድንጋዩ አልቆ ነው ብዬ ከመደርደሪያዬ አዲስ ቀድጄ ከተትኩ። ያው ዝም!»

ደንግጬ የማጉያውን ባትሪ ነቀልኩ። ከላይ ከሱቁ ዘፈን ተንቆረቆረ። መልሼ ሰካሁ፤ ሱቁ ዝም። ነቀልኩ፤ ዘፈኑ መጣ። ሙህዲን ቁጣውን ረሳው።

«እስቲ ድገመው! አጃኢብ! ስማ፣ ይቺን ለእኔ ስጠኝ። የዚያን የጎረቤቴን ካሴት ቤት ጩኸት ዝም ታሰኝልኛለች?»

«አታሰኝም። እሱ ካሴት ነው፣ በአየር አይመጣም።»

«እንግዲያ ምን ትሠራልኛለች!» ብሎ ወጣ።

የሆነው ገባኝ። ከመውጫው ጥቂት ጉልበት እያፈተለከ ወደ መግቢያው ይመለሳል፤ ማጉያው ያንኑ የራሱን ድምፅ ያጎላል፣ የጎላው እንደገና ይመለሳል፣ እንደገና ይጎላል። እንዲህ እየዞረ ከሰሚነት ወደ ተናጋሪነት ተለውጧል። ምንም የማይል ተናጋሪ። ዝምታውን በአንቴናው ወደ ሠፈሩ እየረጨ፣ ሬዲዮ ያለው ሁሉ እሱን ብቻ ያዳምጣል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ፤ እኔም ሆንኩ ያበጀሁት ነገር ሠፈሩን ሁሉ ቀጥ ያደረግንበት ጊዜ አልነበረም። ግን ቅዳሜ እየደረሰች ነው።

ዓርብ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሬዚስተሩን ለወጥኩ፣ ኮንደንሰሩን ለወጥኩ፣ የሽቦውን ጥቅልል አሳጠርኩ። በሞከርኩ ቁጥር ሙህዲን ከላይ «ጠፋ!» እያለ ይጮኻል። አስቴር ወረቀቷን ይዛ ስታልፍ ጎንበስ ብላ አየች።

«ካልሆነ አትጨነቅ፣ እሺ? አባባ ይረዱሃል» አለችኝ በቀስታ።

ያን ካለችኝ በኋላ ነው በእውነት የተጨነቅሁት። ጋሽ ገብረጻድቅ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ወንበራቸውን ከሬዲዮው አጠገብ አስቀምጠው አይቻለሁ።

ኦቦ ጉተማ በዱላቸው እየተመሩ መጥተው ከላዬ ቆሙ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያስቸገረህ?»

«ማሳው ነው መሰለኝ፣ ኦቦ።»

ፊታቸው በራ። «ማሳ አለህ እንዴ? የት ነው?»

«ይኸውና።» ጥቁሯን ሽቦ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

ሽቦዋን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ወደ ቤት ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ገብረጻድቅ! ይሄ ልጅ ቁርስ በልቷል?»

«አልበላም መሰለኝ!» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ ከውስጥ።

«የመኪና ሰዎች እንዲህ ነው የሚሏት፣ ኦቦ። ከየዕቃው የሚመጣው ሁሉ በእሷ ነው የሚመለሰው።»

«ይበሏት! ይቺ ማሳ አይደለችም፤ ወደ ማሳ የምታደርስ ቀጭን መንገድ ናት። የሰፈሩን ከብት ሁሉ በእሷ ላይ ብትነዳው ይጋፋል፣ ይወጋጋል፣ የኋላው የፊቱን ይገፋል። ማሳ ሜዳ ነው፣ ልጄ! ሜዳ!» ብለው በመዳፋቸው አየሩን አንድ ጊዜ ጠፍጣፋ አድርገው ጠረጉት።

ያ መዳፍ እስካሁን ይታየኛል። ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ሮጥኩና የተማሪ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። ‹ፕሌን› ከአውሮፕላን በፊት ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ጠፍጣፋ ገጽ። የዘለልኩትን ምዕራፍ አወጣሁ። የሚለው ሁሉ ኦቦ ጉተማ እንዳሉት ነበር። በዚያ ፍጥነት ስንዝር ሽቦ ሽቦ አይደለም፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ የሚያንገራግር መንገድ ነው። የመግቢያውና የመውጫው ማዕበል እዚያ ላይ ይጋፋሉ፣ ይቀላቀላሉ። ሁሉም በያለበት፣ ወዲያው ከእግሩ ሥር፣ ሰፊ ብረት ላይ ማረፍ አለበት።

ሙህዲን ጋ ወጣሁ። «ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አለህ?»

«ሬዲዮኔን የማትነካ ከሆነ ሁለት ውሰድ።»

አንዱን ቀድጄ ዘረጋሁት፣ በአሸዋ አሸሁት፣ አበራ። ትራንዚስተሩን ከጣውላው ነቅዬ እግሩን ከጥፍሬ አሳጥሬ ቆርቆሮው ላይ ቀጥታ በየድኩት። ኮንደንሰሮቹንም እንዲሁ፣ እያንዳንዱን ካለበት ወደ ታች። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ከተረፈው ቆርቆሮ ትንሽ አጥር አቆምኩ፤ እንዳይተያዩ። ጥቁሯ ሽቦ ሥራ ፈታች። ሲያዩት የሚያምር ነገር አልነበረም። ከሥሩ ‹የተጣራ የአትክልት ዘይት› ይላል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገጠምኩት። ባትሪውን ከመስካቴ በፊት ሙህዲን ሱቁ ደረጃ ላይ እንዲቆም ለመንኩት። ሰካሁ።

«ሙህዲን?»

«አለ! እየዘፈነ ነው!»

«አሁንስ?»

«አለ አልኩህ! ኧረ ዘፈኑን ልስማበት!»

በእኛ ቤት ግን ገና ሽሽታው ከድምፁ ይበረታ ነበር። የጥቅልሉን ቀለበቶች በክብሪት እንጨት ትንሽ በትንሽ አራራቅሁ፤ በብረት ከነኩት ራሱ ብረቱ ያዛባዋል። አንድ ቦታ ላይ ቁሌቱ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና አንድ ሰው ስለ ቲማቲም ዋጋ ሲናገር ከመሃሉ ብቅ አለ። ጋሽ ገብረጻድቅ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አሉት ለቲማቲሙ ሰውዬ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነፋስ ተነሣ። አጣናው ሲዞር ድምፁም አብሮ ይንሸራተታል። ማሰሪያ እፈልጋለሁ ብል ጊዜ የለም፤ ጣሪያው ላይ ወጣሁና አጣናውን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ከሥሬ የፕሮግራሙ ዜማ ተሰማ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ፤ ቆርቆሮው በነፋሱ እየተንኳኳ ቃሉን አይለይልኝም። ደግሞ ኦቦ ጉተማ «እሷ ናት! እሷ ናት!» ሲሉ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ «ዝም በል አንተ!» ሲሏቸው ሰማሁ። ቀጥሎ ምንም። ከዚያ ሳቅ፣ አሁንም ዝም፣ ከዚያ የአፍንጫ መናፈጥ። አጣናውን ጥብቅ አድርጌ ወደ ሳሪስ አቅጣጫ፣ ወደ ከተማው አየሁ። ድምፅዋ ከዚያ ተነሥቶ በእቅፌ በኩል ወደ አባቷ እየወረደ ነው። ነፋሱ ቢበረታም እጄ አልደከመኝም።

አስቴር በታክሲ የተመለሰችው አመሻሹ ላይ ነው። ከበሩ ሳትገባ «አባባ፣ ምንም አልተሰማም አይደል?» አለች።

«‹ፉርጎ› የሚለው ጋ ትንፋሽ አጠረሽ» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። «ቸኮልሽ። ‹የጣቢያው ሰዓት ቆሞ› ካልሽ በኋላ ደግሞ ወረቀት ገለጥሽ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወረቀቱ ተሰማ?»

«ኮሽ አለ።»

አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ቆየች። እኔ መበየጃዬን ሰብስቤ በጓሮ በኩል ልወጣ ስል ተከትላኝ መጣች። ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«አንተስ? እንዴት አገኘኸው?»

«እኔ አልሰማሁም» አልኳት። «ጣሪያ ላይ ነበርኩ።»

ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ የክፍሌ ደፍ ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ የታጠፉትን ወረቀቶች አወጣች።

«ቁጭ በል» አለችኝ። «አሁን አልቸኩልም።»