ዓይኑ ያልተመረመረ መኪና

ኔቪል ሲመጣ ሁልጊዜ ከአቧራው በፊት እሪታው ይደርሳል። የዚያን ቀንም መንገድ ላይ ሳለ ደውሎ፣ "እማማ፣ ከከባድ መኪና የተፈናጠረ ድንጋይ የመኪናዬን መስታወት መታው!" አለ፤ የአማቱን ደኅንነት እንኳ ሳይጠይቅ። ኦልዊን ትሬገንዛ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ሰማችው። ባሏን ቀብራለች፣ በጎቿን ሸጣለች፣ ከኮባር ከተማ በስተምዕራብ በዚያ ቀይ መሬት ላይ ከሁለት ውሾቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ለድንጋይ የሚያለቅስ ወንድ ግን ይኸ አማቿ እስኪመጣ ድረስ አይታ አታውቅም።

"ከባዱ መኪና ጭራ ላይ ምን አስለጠፈህ?" አለችው።

"ልቀድመው ነበር።"

"ታዲያ ድንጋዩ ቀደመሃ!"

በማግስቱ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ነበረባት። ሰማንያ አምስት የሞላው ሰው ፈታኝ ከጎኑ ተቀምጦ ካላየው ቁልፉን ያስረክባል። ኦልዊን ቁልፏን ያስረከበች ቀን ቤቷንም አስረከበች ማለት ነው፤ ከደጇ እስከ ዳቦ መሸጫው ያለውን መንገድ በእግሩ የሚሞክር ሞት የናፈቀው ብቻ ነውና። ልጇ ግሌኒስ ሲድኒ ውስጥ የአዛውንቶች መኖሪያ አይታላታለች፤ ምንጣፉ ለስላሳ፣ ሾርባውም ለስላሳ። ኔቪል የመጣው "ላበረታታዎት ነው" እያለ ነው። ኦልዊን ግን ቁራ የደከመ በግ አጠገብ ለምን አጥር ላይ እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

ችግሩ የእሷም ፒካፕ መስታወት ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቁ ነበር። ፈታኝ ደግሞ መስታወቱ የተሰነጠቀ መኪና ውስጥ እግሩን አያስገባም። ስለዚህ ዱጋን የሚባለውን መስታወት ገጣሚ ከከተማ ጠርታዋለች፤ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ብሏል።

ዱጋን በነጭ ቫኑ መጣ፣ ማስቲካውን እያላመጠ። ሰውየው ሙያው ባይከፋም አፉ ከሙያው ይበልጣል። የኦልዊንን መስታወት በወረቀት እንደተጠቀለለ ጭኖ ነበር፤ ግን ወደ ፒካፑ ዞር ብሎም አላየ። ኔቪል ከመንገድ ደውሎ አግኝቶት ኖሮ፣ ዱጋን በቀጥታ ወደዚያ እንደ ተወለወለ ጫማ ወደሚያብረቀርቀው የኔቪል መኪና ሄደና አፏጨ።

"ይሄ መስታወት አይደለም ጌታዬ፣ ቴሌቪዥን ነው!" አለ። "ከላይ መሀል ላይ ያለችውን ጥቁር ነገር ያዩዋታል? የመኪናው ዓይን ናት። የመንገዱን መስመር የምታየው፣ ፍሬን የምትይዘው እሷ ናት። መስታወቱ ሲወጣ እሷም ትነሳለች። ስትመለስ የፀጉር ያህል ከተዛነፈች፣ ሩቅ ላይ የምታየው ሌላ መንገድ ነው። በመሣሪያ እንደገና መስተካከል አለባት፤ መሣሪያው ደግሞ እኔ ጋ የለም። ምክሬን ከሰሙ የራሱን መስታወት ከሲድኒ አዝዘው ይጠብቁ።"

"ቅዳሜ ቤት አጫርታለሁ" አለ ኔቪል። ሥራው ቤት መሸጥ ነው፤ የኦልዊንንም ቤት ሲያይ ዓይኑ ጣሪያውን ይለካል።

"እንግዲያው ከወደቁ መኪኖች ግቢ ያነሳሁት አንድ አለኝ፤ የዚሁ መኪና ታናሽ ወንድም መስታወት ነው። ይገጥማል። ግን ተራ መስታወት ነው፤ ያ ፊትዎ ላይ በብርሃን የሚጻፈው የፍጥነት ቁጥር አይስማማውም።"

"ይገጥማል ካልክ ግጠመዋ!"

የሰው ነገር ይገርማል። ለመኪናው ብሎ አገር ያህል ብድር የተሸከመ ሰው፣ መኪናው ዓይኑ ሲጠፋ የሙት ዓይን ሰፍተህ መልስልኝ ይላል። ኦልዊን በረንዳዋ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች፣ ተመለከተች።

ሥራው እስኪያልቅ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። "የኔስ?" አለች።

ዱጋን አንገቱን አከከ። "እማማ፣ መሸብኝ። የእርስዎን ነገ ከፈተናው በኋላ..."

"ከፈተናው በኋላማ ለሬሳዬ ትገጥመዋለህ!"

"ምን አስጨነቀዎት?" አለ ኔቪል፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። "በእኔ መኪና ይፈተናሉ! ይሄ እኮ ራሱን በራሱ ነው የሚነዳው።"

"ራሱን ከነዳ ፈቃዱን ለእሱ ይስጡታ፤ እኔን ምን አስጠራኝ?"

ዱጋን ዕቃውን ሰብስቦ ቫኑ ላይ ከወጣ በኋላ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። "በሩን እንዳትወረውሩት፤ ማጣበቂያው ገና እርጥብ ነው። አንዱን መስኮት ትንሽ ክፈት አድርጋችሁ ተዉት፣ አየሩ ይውጣበት። ዓይኑ እስኪስተካከል ድረስ ደግሞ ያንን መስመር እያየ መሪ የሚያግዘውን ነገር አጥፉት!" ኔቪል ስልኩ ጆሮው ላይ ነበረ፤ አውራ ጣቱን ብቻ አነሳ። ቫኑ የኦልዊንን መስታወት እንደያዘ በአቧራው ውስጥ ጠፋ።

ኦልዊን ቃል በቃል ሰምታለች። ምን ተባለ ብሎ የጠየቃት ግን የለም፤ ላልጠየቃት ሰው ደግሞ አትናገርም።

ከእራት በኋላ ኔቪል ሶፋው ላይ ተንጋሎ፣ "እማማ፣ ሲሄዱ መነጽሬን ከመኪናው ያምጡልኝ እስቲ" አለ። ሲሄዱ! የት እየሄደች ነበር? በገዛ ቤቷ ተላላኪ ሆና ወጣች፣ መነጽሩን አነሳች፣ በሩንም የፒካፗን በር በምትዘጋበት ክንድ ወረወረችው። የፒካፑ በር ካልተወረወረ አይዘጋም። ይኸኛው ግን ጧ! ብሎ ሲጮህ የዱጋን ቃል ትዝ አላት። መስታወቱን ተጠግታ አየችው። የተለየ ነገር አልታያትም። መነጽሩን አምጥታ ጭኑ ላይ ጣለችለትና ተኛች።

ጠዋት ተነሥተው ሄዱ፤ ኔቪል ይነዳል፣ ኦልዊን ኮፍያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ተቀምጣለች። አስፋልቱ ላይ ወጥተው እንደ አገሩ ደንብ ግራቸውን እንደያዙ መኪናው ማፏጨት ጀመረ። ቀጭን ፉጨት ነው፤ ከመስታወቱ ጥግ ይመጣል።

"ምንድነው እሱ?" አለ ኔቪል።

"ቅንጦት ነዋ። እኛ ድሆቹ ነፋስ ሲገባብን ቀዳዳ ነው የምንለው።"

ኔቪል ግን ፊት ለፊቱ መስታወቱ ላይ በብርሃን የሚታየውን ቁጥር እያየ ዓይኑን ያጨናብሳል፤ ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ቁጥሩ... ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ።"

ኦልዊን እንደዚያ ስትሥቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። "እንዲያ ነው! ዓይኗን ትመርመር የምባለው እኔ፣ አንዱን ሁለት አድርገህ የምታየው አንተ!"

"መስታወቱ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም!"

"እኔም የፒካፔ ስንጥቅ ነው እንጂ ዕድሜዬ አይደለም።"

ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መብራት በርታ ቀርታለች። ኔቪል እንዳላየ አለፋት። እንዲህ ያለ ሰው የሚመቸውን መብራት ብቻ ነው የሚያየው።

ከፊት ለፊታቸው ከሩቅ አንድ ተሳቢ በተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ብቅ አለ። ኦልዊን መዳፏን አንሥታ መስታወቱ ላይ ጫነች። የዚያ መንገድ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ከከባድ መኪናው ጎማ ጠጠር ቢፈናጠር መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ ነው። ይሥራ አይሥራ የመረመረው የለም። አባቷ ያደርገው ነበር፣ እሷም ታደርገዋለች።

ኔቪል ከት ብሎ ሣቀ። "እማማ፣ አሁንም በዚህ ያምናሉ? ይሄ እኮ..."

አልጨረሰም። መሪው በገዛ ራሱ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፣ ወደ መሀል፣ ወደዚያ ተራራ የሚያህል ብረት ፊት። ኔቪል ጮኸ፣ በሁለት እጁ ወደ ግራ ጎተተው። መሪው እንደ በሬ አንገት ታገለው። ከባዱ መኪና ጥሩምባውን እያስጓራ በጎናቸው አለፈ፤ ነፋሱ መኪናውን አወዛወዘው። የኦልዊን ኮፍያ ከእግሯ ሥር ወደቀ፤ መዳፏ ግን እዚያው ነበር።

"አጥፋው!" አለችው።

"ምኑን?"

"መሪ የሚያግዘውን! ዱጋን አጥፉት ብሏል። ዓይኑ ተዛንፏል፤ መስመሩን የሌለበት ነው የሚያየው።"

"መቼ አለ? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ጆሮህን ለስልክ አከራይተኸው ነበርና!"

ኔቪል መንገዱ ዳር አቁሞ ያንን ሰሌዳ መነካካት ጀመረ። አንዱን ሲነካ ሙዚቃ ይመጣል፣ አንዱን ሲነካ ወንበሩ ጀርባውን ያሸዋል። የሚያጠፋውን አጣው። ያ ሁሉ ብድር፣ ያ ሁሉ ጉራ፣ ለካ ማጥፊያውን አያውቀውም! በመጨረሻ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ እንደ ኤሊ እየተጎተተ ኮባር ገባ። ኦልዊን አልጮኸችበትም። በመስኮት የሜዳውን ካንጋሮዎች እያየች ሄደች፤ ከእሱ እነሱ ይሻሏታል።

ፈታኟ ሎርና ፒች ከቢሮው ደጃፍ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ኔቪል ገና የፊቱ ቀለም ሳይመለስ ቁልፉን ለአማቱ ዘረጋላት። "ይኸው እማማ፣ ይሞክሩት።"

ኦልዊን ቁልፉን አየች፣ ሰውየውን አየች። አሁን በገዛ ዓይኑ ሞቱን ያየበትን መኪና "ይሞክሩት" ይላታል! ብትወድቅ ቤቷ ይሸጣል፤ ብትገለበጥ ደግሞ ፈጥኖ ይሸጣል። አፏን ዘግታ ብትነዳው ምናልባት ታልፍ ይሆናል፤ ክንዷ ከመሪው ጋር መታገል ያውቃል። ግን ከጎኗ የምትቀመጠው የሰው ልጅ ናት።

መሪው ላይ ተቀመጠች። ሎርናም ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ብርቱካናማዋን መብራት አየች። "ይሄ ምንድነው?"

"ዓይኑ ነው" አለች ኦልዊን። "ትናንት መስታወቱን ሲለውጡለት ተነሥቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልመረመረውም። እየመጣን ከባድ መኪና ሥር ሊከተን ነበር። ውረጂ ልጄ፣ እኔም ልውረድ።"

"ሌላ መኪና አለዎት?"

"የለኝም።"

"እኔ እስከ ምሳ ነው እዚህ ያለሁት። ካልተፈተኑ ፈቃድዎ ዛሬ ያበቃል።"

ከኋላ ገብቶ የተቀመጠው ኔቪል አንገቱን አሰገገ። "እማማ፣ ምናልባት ይሄ ምልክት ነው። ግሌኒስም እኮ..."

"አፍህን!" አለችውና በእግሯ መንገድ ጀመረች።

የዱጋን ግቢ ሩቅ አልነበረም። ሥጋ ተሞልቶ የተጋገረ ሊጥ እየገመጠ አገኘችው፤ ስጎው በአገጩ ወርዷል። ቫኑ ደጅ ቆሟል፤ በጎንና ጎኑ መስታወት ደርድሯል፣ የእሷም ከነወረቀቱ አለበት።

"ቁልፉን አምጣ።"

"የምን ቁልፍ?"

"የቫንህን። የኔን መስታወት ይዘህ ለዚያ ነፈዝ የሙት መስታወት ስትለጥፍ ዋልክ። አሁን የምፈተንበት የለኝም።"

"እማማ፣ መስታወት እኮ ተጭኖበታል! ማርሹም የእጅ ነው!"

"ማርሽ በእጅ ካልሆነ በምን ሊሆን ኖሯል?"

ዱጋን አፉ እንደሞላ ቁልፉን ሰጣት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው። "ቆይ፣ የሰውየው መኪና ያፏጫል ወይ? በሩን ወርውሮት ይሆን?"

"እኔ ነኝ የወረወርኩት" አለች ኦልዊን ፍሪሲዮኑን እየረገጠች። "ምን ታመጣለህ?"

ሎርና ፒች ቫኑ ላይ ስትወጣ ወደ ኋላ ተገላምጣ አየች። "ይሄ ሁሉ መስታወት ነው?"

"አዎ። አንዱ የኔ ነው፤ አልሰብረውም።"

ከተማዋን ዞሩ። ኦልዊን ማርሹን ስትቀይር መስታወቶቹ ኮሽ አላሉም። በሚያልፈው መኪና ሁሉ ፊት አንድ ጣቷን ከመሪው ታነሣለች።

"ጣትዎ ምን ሆነ?"

"ሰላምታ ነው፤ የከተማ ሰው አያውቀውም።"

ከከተማዋ የማዕድን ማውጫ በር አንድ ጎረምሳ ሳያይ ወጥቶ ፊቷ ሲደነቀር፣ ፍሬኑን ቅቤ እንደሚያነጥር ሰው በዝግታ ያዘችው። አንዲት መስታወት ድምፅ አላሰማችም። ጎረምሳውን ግን በመስኮት የሰደበችው ስድብ እዚህ አይጻፍም። ሎርና ራሷን ወደ ወረቀቷ ደፋች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

አለፈች።

የኔቪል መኪና ዱጋን ግቢ ቀረ፤ መስታወቱም የማስተካከያ መሣሪያውም ከሲድኒ እስኪመጡ መጠበቅ ግድ ሆነ። ኔቪልም ቦርሳው ሌላ የት ይሁን፣ አማቱ ቤት ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ዱጋን የኦልዊንን ፒካፕ መስታወት ሊገጥም ሲነሣ፣ ሦስቱም ቫኑ ላይ ወጡ። ዱጋን መስኮቱን ያዘ፣ ኔቪል መሀል ላይ ጉልበቱን ማርሹ ሥር አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ኦልዊን ነዳች። ዱጋን እኔ ልንዳ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ማስቲካውን ማላመጥ ቀጠለ።

የኔቪል ስልክ ጮኸ። ግሌኒስ ናት። "አልፈዋል" አላት፣ ሰው እንደሞተበት ድምፁ ተሰብሮ። "አይ... ፈተናውን ነው ያለፉት።"

መንገዱ ጫፍ ላይ ከባድ መኪና ብቅ አለ፣ ሦስት ተሳቢ ጎትቶ፣ ቀይ አቧራውን እያስነሣ።  የኔቪል እጅ ከጭኑ ላይ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ጥቂት አመነታች፣ ከዚያ ሄዳ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች።

ኦልዊን በዓይኗ ጥግ አየችው።

"በጣትህ ጫፍ አይሆንም" አለችው ማርሽ እየቀየረች። "በመዳፍህ ጫን።"

ጫነ።