ውሃ ጨምሩበት

"ቧንቧው ሥር ያዢው! እንዳታወጪው!"

የኬሚስትሪ መምህርቷ የተማሪዋን የእጅ አንጓ ጨብጣ ውሃውን እስከ መጨረሻው ለቀቀችበት። ከኋላቸው ጠረጴዛው ላይ ያለው ቢከር ገና ይንተከተካል፤ የቀሩት ተማሪዎች ግድግዳውን ታከው ቆመዋል፤ በመነጽራቸው ውስጥ ዓይናቸው እንቁላል አክሏል።

"መነጽርሽን አላወለቅሽም አይደል?"

"አላወለቅኩም፣ ቲቸር።"

"ተባረኪ። ያቃጥልሻል?"

"ትንሽ።" ከጓንቷ ጫፍ በላይ፣ ባቄላ የምታክል ቦታ ቀልታለች።

"ምን ነክቶሽ ነው ውሃውን አሲዱ ላይ የደፋሽው? የሚጨመረው አሲዱ ወደ ውሃው ነው! ገልብጠሽ ስትሠሪው ፈልቶ ይረጫል። ግድግዳው ላይ ተጽፎልሽ የለም?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና ዝም አለች።

መምህርቷን የረበሻት ይሄ ዝምታ ነው። ይቺ ልጅ ትምህርት ቤቱ በሙሉ "እትዬ ለምን" የሚላት ናት፤ ደወሉ ለምን ሁለቴ ይደወላል ብላ ዘበኛውን ያስመረረች። ዛሬ ጠዋትም እጇን ስታወጣ መምህርቷ፣ "ዛሬ እንኳን፣ እትዬ ለምን፣ ዝም ብለሽ የተባልሽውን አድርጊ" ብላ ክፍሉን አስቃባት ነበር። እሷም ከሁሉም ቀድማ፣ ዝም ብላ አደረገች።

ርዕሰ መምህሩ እያለከለከ ደረሰ። ከአሲድ ይልቅ ወላጅ የሚፈራ ሰው ነው። ልጅቷ ወደ ክሊኒክ ስትሄድ መምህርቷን ወደ ኮሪደሩ ሳባት።

"እናትየዋን አስጠርቻለሁ። ልጅቷ መመሪያ ጥሳ ነው፤ ዓመቱ እስኪያልቅ ላብራቶሪ አትገባም እንላለን፤ በዚሁ ይዘጋል።"

"ምን እንደተፈጠረ ሳናጣራ?"

"ምኑ ነው የሚጣራው? አሲድ ላይ ውሃ ጨምሩ ብለሽ ልታዢ ነው? አንቺ? ይህን ሁሉ ዘመን አስተምረሽ?"

"እኔማ እንዲህ አልልም።"

"በቃ! ልጅቷ አልሰማችም ማለት ነዋ።"

ሐሳቡ ደስ አላት። ደስታዋ ግን የመምህራን ክፍል እስክትደርስ እንኳ አልቆየም። ሻይ ቀዳችና ሳትጠጣው ተነሳች። መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። በሒሳብ መምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሲመጣ ደግሞ እሱን "ምነው?" ብላ ተቆጣችው። የሚያሳክካት ሌላ ሳይሆን የራሷ ትምህርት ነው። መላ ምት ሲገጥማችሁ፣ ትላለች ለልጆቹ ሁልጊዜ፣ በጣም የወደዳችሁትን ቀድማችሁ ፈትኑት፤ እሱ ነው የሚያታልላችሁ። "ልጅቷ አልሰማችም" የሚለውን የመሰለ ተወዳጅ መላ ምት ደግሞ ገጥሟት አያውቅም።

ቀጥሎ የምታስተምረው ሌላው ክፍል ነበር። አሲዱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ በአንደኛው ቢከር ንጹሕ ውሃ፣ በሌላው በቀይ ቀለም የቀላ ውሃ አዘጋጀች። ጠዋት እንዳስተማረችው አድርጋ ታስተምራለች፤ ስንቱ ሳይሰማ እንደሚቀር ከዳር ሆና ታያለች። ፈተናው ይሄው ነው።

"ቀዩን አሲድ ነው ብላችሁ ያዙት" አለች።

"ውሃ ነው እኮ፣ ቲቸር፣ ሲሞላ አይቻለሁ" አለ አንዱ ከፊት።

"አሲድ ነው ከተባልክ አሲድ ነው። መነጽር!"

እንደ ልማዷ በጠረጴዛዎቹ መሃል እየዞረች የአንዷን ጸጉር አስያዘች፣ የሌላውን የጋዋን ቁልፍ ቆለፈች። አፏ ደግሞ ለብቻው ሥራውን ይሠራል። "ጓንት። ወደ ቢከሩ እንዳታጎነብሱ። እሺ፣ አሁን አሲዱን ያዙት፤ ኃይለኛ ስለሆነ ቀስ እያላችሁ፣ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ውሃ ጨምሩበት።"

እጆች ሁሉ ተነሡ። ውሃው በየጠረጴዛው ቀዩ ላይ ወረደ። ሳይሰማ የቀረ አንድም ልጅ አልነበረም።

መምህርቷ የያዘችው የጋዋን ቁልፍ ከእጇ ሳይወጣ ደርቃ ቀረች። ጨምሩበት! "ውሃው ላይ ጨምሩት" መሆን ነበረበት። ቃሉን ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች፤ ከቤቷ ነው። ሻዩ ወፈረ፣ ውሃ ጨምሩበት። ሾርባው ጨው በዛው፣ ውሃ ጨምሩበት። እስከ ዛሬ ጉድ ያላፈላው እያወራች የምትቀላቅለው ራሷ ስለነበረች ነው፤ ምላሷ ሲስት እጇ እያረመላት ያልፍ ነበር። ዘንድሮ አዲስ ቢከሮች መጡና ሥራውን ለልጆቹ እጅ ሰጠች። የእነሱ እጅ ደግሞ የሚያውቀው የተባለውን ብቻ ነው።

"ተሳሳትን እንዴ፣ ቲቸር?"

"እናንተ አልተሳሳታችሁም። አስቀምጡት። አሲዱን ነው ውሃው ላይ የምንጨምረው፤ እኔ ነኝ የገለበጥኩት። በሉ፣ ድገሙልኝ።"

እየተንጫጩ ደገሙላት።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትደርስ እናትየዋ መጥታለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ ተጠርታ ስትሮጥ ሜትሩን እንኳ ከአንገቷ አላወረደችም። ልጅቷ የእጅ አንጓዋ በፋሻ ታስሮ ወለሉን ታያለች።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ የሚሉሽን ብትሰሚ ምን ትሆኛለሽ?" እያለች ነው እናት። "ዓይንሽን ቢያገኘውስ? ኧረ ተናገሪ!"

"ሰምታለች" አለች መምህርቷ ከበሩ።

ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። "እ... መምህርት፣ አንድ ጊዜ ውጭ ላናግርሽ?" በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተላት። "ለደቂቃ ብቻ።"

የተከፈተውን በር አየችው። ውጭ ምን እንደሚላት አሳምራ ታውቃለች፤ ያ ክፍል ተማሪው ሌላ ነው፣ ያ ቀይ ቀለም ነው፣ ጠዋት ያልሽውን ማን ቀድቶታል። የከፋው ደግሞ፣ ሲላት ደስ እንደሚላት ማወቋ ነው።

በሩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከእናትየዋ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ልጅሽ የሰማችውን ነው ያደረገችው፣ እህቴ። ያልኳት እኔ ነኝ።"