የውሰት አባት

አምባው ካሣዬ ቆቦ ላይ የሕይወት ታሪክ ጻፊ ነበር። የራሱን እንዳይመስላችሁ፤ የሰውን ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ሥራ የፈለገ፣ ሥልጠና የፈለገ፣ እድገት ያማረው ሁሉ «ማን ነኝ፣ የማን ልጅ ነኝ» የሚለውን ጽፎ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ነበረበት። አምባው ደግሞ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር፣ ግራሯ ጥላ ውስጥ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ይጠብቃል። ቄስ የነበረውን «የፊደል መምህር» ይለዋል። የባላባት አሽከር የነበረውን «የተጨቆነ ሠራተኛ»፣ ባለ ሱቁን «በትንንሽ ሥራ የሚተዳደር»። ውሸታም ብትሉት ደሙ ይፈላል። «አሳመርኩ እንጂ መቼ ዋሸሁ!» ይላል።

እናትነሽ ምትኩ የመጣች ቀን ግን የሚያሳምረው ነገር አጣ። ልጅቷ ከጎብዬ በእግሯ ነው የመጣችው። ለጤና ረዳትነት ደሴ ሄዳ ልትሠለጥን ፈልጋለች፤ እናት የሌላቸው ታናናሾቿ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው። አባቷ ግን ግራዝማች ምትኩ ነዋ! መሬቱ ተወርሶ እሱም እስር ቤት ሞቷል። እንግዲህ የግራዝማች ልጅ ብሎ የሚያሠለጥን ማን አለ?

ደግሞ አምባው ግራዝማች ምትኩን ያውቀዋል። ኧረ ማወቅ ብቻ! አባቱ ካሣዬ የዚሁ ሰው ጭሰኛ ነበር። ማሽላው በድርቅ በተቃጠለበት ዓመት ግራዝማች «እርቦዬን፣ የምርቱን ሩብ» ብሎ የካሣዬን በሬ፣ ጉራቻን፣ ከበረቱ አስነድቶ ወሰደው። ካሣዬ መሬቱን በመቆፈሪያ ሲቧጥጥ ከርሞ በወባ ሞተ። ሚስቱ ከፈለች ልጇን ይዛ ከጎብዬ ቆቦ ገባች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳትረግም ነግቶላት አያውቅም። ፊቷን ሳትታጠብ ደጅ ትወጣና ወደ ጎብዬ ዞራ፣ «ምትኩ፣ አፈሩን ድንጋይ ያድርግብህ!» ትላለች። ቁርሷ ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይኼ ሰው ለምን ጻፈላት? ልጅቷ አምባው የማን ልጅ እንደሆነ አታውቅም። ከንፈሯ በሐሩር ተሰነጣጥቆ ፊቱ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ አባቴ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ለወንድሞቼ ብዬ ነው» አለችው። አንጀቱን በላችው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አምባው ደግሞ ሕግ አለው፤ ከአየር ላይ አይጽፍም። ፈጥረህ የጻፍከውን ባለጉዳዩ ሲጠየቅ ይረሳዋል፣ ይያዛል። የሚያውቀውን ነው የሚጽፍ። ድሀ አባት ደግሞ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። እናም የራሱን አባት አዋሳት። ስሙን ብቻ ምትኩ አለና በሬውን፣ መቆፈሪያውን፣ ወባውን ሁሉ ሰጣት። የጉራቻ አንድ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ እንደነበር ሳይቀር በቃሏ እስክትወጣው አስጠናት። ማን ያነበዋል? ወረቀቱ ፋይል ይገባል፣ ፋይሉ አቧራ ይለብሳል ብሎ ነው።

አይ አምባው! ጓድ ታደሰ የሚባል አዲስ ካድሬ እንደሚመጣ በምን ይወቅ? ታደሰ በመጣ በሳምንቱ፣ የአመልካቾች የሕይወት ታሪክ በቀበሌው ስብሰባ ለሕዝብ ይነበባል፣ ምስክር ያጣ ለምርመራ ይተላለፋል ብሎ አዘዘ። ለምርመራ ተላልፎ በሰላም የተመለሰ ሰው ቆቦ እምብዛም አላየችም።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የቀረ ይቀጣልና ከፈለችም ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። አምባው እናቱን ባየ ጊዜ ወጥቼ ልሂድ አለ፤ በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል።

«እናትነሽ ምትኩ!» አለ ታደሰ። ልጅቷ ቆመች። ማንበብ ጀመረ። «አባቴ አቶ ምትኩ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። አንድ ቀንዱ የታጠፈ፣ ጉራቻ የሚባል በሬ ነበረው...»

ከፈለች ቀና አለች። መጀመሪያ አንባቢውን፣ ቀጥላ ልጅቷን፣ በመጨረሻ ልጇን አየች። አምባው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የታደሰ ድምፅ በሬውን ከበረት አስወጣ፣ መቆፈሪያውን አነሣ፣ ሰውዬውን በወባ አንቀጥቅጦ ገደለ። አዳራሹ ውስጥ ከንፈር ተመጠጠ።

«የጻፈላት ማን ነው?» አለ ታደሰ ወረቀቱን እያገላበጠ።

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለ አምባው ተነሥቶ።

«ጥሩ ትጽፋለህ። በጣም ጥሩ ነው የምትጽፈው።» ታደሰ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ደስ አይልም። «ውሸት ከሆነ ሁለታችሁም አንድ ላይ ትሄዳላችሁ። ይህን ምትኩ የተባለ ሰው የሚያውቅ አለ?»

ከጎብዬ የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርስ ማን አፉን ይከፍታል? አምባው እናቱ እንዳትነሣ በልቡ ለመነ፤ እንድትነሣም ለመነ። የቱን እንደፈለገ እሱም አያውቅ።

«ማንም የለም?» አለ ታደሰ፣ እስክሪብቶውን እያነሣ።

«አለሁ» አለች ከፈለች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አሮጊቷ የጎረቤቷን ትከሻ ተደግፋ ተነሣች።

«ምትኩን አውቀዋለሁ። ጭሰኛ ነበር» አለች። «በሬውንም አውቀዋለሁ። ገለባ ያበላሁት እኔ ነኝ... ጎረቤት ነበርና። የተወሰደ ለት ሰውዬው አላለቀሰም። ባዶው በረት ገብቶ ተኛ፤ እዚያው አደረ። ወባው ሲጥለው ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ‹ጉራቻ መጣ ወይ?› እያለ ነው የሞተ።»

ይኼ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አምባውም ሰምቶት አያውቅም። ከፈለች በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች፤ ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ። እናትነሽ አሮጊቷን አየች፣ አምባውን አየች፣ የማንን አባት እንዳዋሳት ያኔ ገባት።

ታደሰ ግን አልለቀቃትም። «እናቴ፣ በሬውን የወሰደው ባላባት ስሙ ማን ነበር?»

ከፈለች በየማለዳው ያለ ስስት የምትጠራው ስም ነው፤ ከአፏ ላይ አለ። አሁን ከወጣ ሦስቱም አለቁ። ከፈለች አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው።

«ስሙን አልጠራውም» አለች።

«እስካሁን ትፈሪዋለሽ? ፊውዳል እኮ ተደምስሷል!» ብሎ ታደሰ ሳቀ፤ ሰዉም አብሮት ሳቀ። ከዚያ አጎንብሶ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ሰዉ ሲበተን እናትነሽ ከበሩ ውጭ ጠብቃ የከፈለች እግር ላይ ወደቀች። ከፈለች እግሯን ሸሸት አደረገች።

«ተነሽ። ለልጄ ብዬ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም» አለቻት። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ዞር አለችና፣ «ሂጂ፣ ተማሪ በይ» አለች።

በማግስቱ አምባው ጎህ ሲቀድ ነቅቶ ጆሮውን አቆመ። በሩ ተከፈተ። እናቱ ወጣች፣ ወደ ጎብዬ ዞራ ቆመች። ቆየች። ምንም ድምፅ የለም። ጨነቀውና ተከትሏት ወጣ።

«እማ፣ ዛሬስ?»

«ምን ዛሬስ?»

«ምንም አላልሽም።»

«ምን ልበል? አባትህን ላዋስካት እኔ ደግሞ ለቅሶዬን ጨመርኩላት። ትናንት ምትኩ እያልኩ በሕዝብ ፊት አልቅሼ፣ ዛሬ በየትኛው አፌ ልርገመው?» ዓይኗን ከመንገዱ ላይ አላነሣችም። «የቀረችኝ ያቺ እርግማን ነበረች፣ አምባው። እሷንም ወሰዳችሁብኝ።»

ከፈለች ጥቂት ቆማ ፊቷን ልትታጠብ ገባች።